«ባለፈው ረድቶኛል»፦ ከዶርም መሳቢያ ስለሚወጣው አንቲባዮቲክ

ፈተና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ጉሮሮ መከርከር ይጀምራል። ማታ ትኩሳት ቢጤ ይመጣል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ራስ ይከብዳል። ክሊኒክ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ግማሽ ቀን ይበላል። ይሄኔ የላይኛው አልጋ ባለቤት መሳቢያውን ይከፍትና ግማሹ የተበላ የአሞክሳሲሊን ስትሪፕ አውጥቶ «እንካ፣ እኔን ባለፈው ረድቶኛል» ይላል። ሁለት ፍሬ ዛሬ፣ ሁለት ፍሬ ነገ። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ለቀቅ ይላል፣ በአራተኛው ፈተና ይገባል። ከዚያ በኋላ እሱም በተራው ለሌላ ሰው «እኔን ረድቶኛል» ባይ ይሆናል።

ነገሩን ሁሉ የምታስኬደው ይህች አንዲት አባባል ናት። ተማሪ አንቲባዮቲክ በራሱ የሚወስደው ባለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጤና የሚያጠኑት ባልወሰዱ ነበር። እነሱም ይወስዳሉ፤ እንዲያውም የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራም ማወቃቸው ድፍረት ይጨምርላቸዋል። የሚያሳስተው ልምድ ነው። ጉንፋን በጣም የሚከፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣውም ልክ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ይወርድና አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ያልቃል። ክኒኑ የተዋጠው ቁልቁለቱ ሊጀመር ሲል ስለሆነ ምስጋናውን ጠቅልሎ ይወስዳል። ሳይውጥ ቢቀር ኖሮ በየትኛው ቀን ይሻለው እንደነበር አይቶ የሚነግረው ሰው የለም።

አሞክሳሲሊን የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ ባክቴሪያ የሴሉን ግድግዳ እንዳይገነባ ማገድ። ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ፈንድቶ ይሞታል። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጡት ቫይረሶች ግን ግድግዳ የላቸውም፤ ስለዚህ 500 ሚሊግራም ይሁን 1000 የሚመታው ነገር የለም። «ግን አክታዬ አረንጓዴ ሆኗል» የሚለውም መከራከሪያ አያስኬድም። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ነጭ የደም ሴሎች ከያዙት ብረት አዘል ኢንዛይም ነው። ሰውነት እየተዋጋ ነው ማለት እንጂ ጠላቱ ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም። ሳሉም ቢሆን ከጉንፋን በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው። የሳይነስ ሕመም ወደ ባክቴሪያ ዞሯል ተብሎ የሚጠረጠረው ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ሲቀር፣ ወይም ተሽሎ የነበረው እንደገና ሲብስ፣ ወይም 39 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ከመግልና ከፊት ሕመም ጋር ተከታታይ ሦስት አራት ቀን ሲቆይ ነው።

ጉሮሮን ማየት

ብዙው ስሕተት የሚሠራው ጉሮሮ ላይ ስለሆነ እዚህ ትንሽ እንቆይ። ጉሮሮ ከሚያማቸው ዐዋቂዎች ውስጥ ምክንያቱ ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሆንባቸው ከመቶ ከ5 እስከ 15 ያህሉ ናቸው። ሐኪሞች አራት ነገር ይቆጥራሉ፦ ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ እብጠት ወይም ነጭ መግል፣ ከመንጋጋ ሥር በአንገት ፊት በኩል ሲነካ የሚያም ንፍፊት፣ አራተኛው ደግሞ የሳል አለመኖር። ይህን የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይገለብጠዋል፤ «ሳልም አለብኝ፣ አፍንጫዬም ይፈሳል፣ ስለዚህ በጣም ታምሜአለሁ፣ አንቲባዮቲክ ያስፈልገኛል» ይላል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ነገሩ ወደ ቫይረስ ያጋድላል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ካለ፣ ወይም አንዱም ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራም አያስፈልግም። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ጉሮሮ በጥጥ ተጠርጎ የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል።

ስትሬፕ መሆኑ ከተረጋገጠ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለ10 ቀን ነው። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቢተውም መድኃኒቱ የሚቀጥለው ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አጥርቶ፣ ኋላ የልብ በሮችን የሚያበላሸውን ሩማቲክ ትኩሳት ለመከላከል ነው። ከመሳቢያ የወጣው አራት ፍሬ ታዲያ ለየትኛው ይሆናል? ቫይረስ ከሆነ አላስፈለገም፤ ስትሬፕ ከሆነ አልበቃም።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው እሱ ነው። ሞኖኑክሊዮሲስ ይባላል፤ የሚያመጣው ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስ ነው፤ በምራቅ ይተላለፋል፣ ጎልቶ የሚታየውም ከ15 እስከ 24 ዓመት ባሉት ላይ ነው። ትኩሳት አለው፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ሽፋን ያወጣል፣ ንፍፊቱ ያብጣል። መስተዋት ፊት አፉን ከፍቶ ያየ ሰው «ይሄማ የለየለት ቶንሲል ነው» ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱ ንፍፊቱ ከአንገት በስተኋላም መውጣቱ፣ ድካሙም ለሳምንታት የሚጎትት መሆኑ ነው። በዚህ ላይ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን ሲገባ፣ በብዙዎች ላይ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደረትና ጀርባን ብሎም መላ ሰውነትን የሚያለብስ ቀይ ሽፍታ ይወጣል። ተማሪው ይደነግጣል፤ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ብሎ ይደመድማል፤ ካርዱ ላይም እንደዚያ ይጻፍለታል። ያ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረሱና የመድኃኒቱ መገጣጠም ያመጣው እንጂ እውነተኛ አለርጂ አይደለም። የተጻፈው ግን ዕድሜ ልክ ይከተለዋል፤ ከዓመታት በኋላ ፔኒሲሊን የግድ ሲያስፈልገው ሌላ፣ አንዳንዴም ደከም ያለ መድኃኒት ይሰጠዋል። «ባለፈው ረድቶኛል» እንደሚያሳስተው «ባለፈው ጎድቶኛል»ም ያሳስታል። (ሞኖ ከሆነ ጣፊያም ሊያብጥ ስለሚችል ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ከኳስና ከሚያጋጭ ስፖርት መራቅ ያስፈልጋል።)

እውነተኛው አለርጂ ሌላ መልክ አለው፦ ክኒኑ ከተዋጠ በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሰውነት ላይ እንደ ሳማ የሚያብጥና የሚያሳክክ ነገር፣ የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት። ይህ ከታየ ነገ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንዱ ክኒን ከአንዱ ይለያል

ዶርም ውስጥ ሁሉም «አንቲባዮቲክ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። አወሳሰዳቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም፤ በትክክል የታዘዘላችሁም ብትሆኑ ይህን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

አሞክሳሲሊን ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሥራው የሚለካው ደግሞ ከሚፈለገው መጠን በላይ በቆየበት ሰዓት ርዝመት ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል በየ8 ሰዓቱ ማለት የሆነው ለዚህ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት። ብዙ ተማሪ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ያደርገውና ጠዋት 1፣ ቀን 6፣ ምሽት 12 ሰዓት ይውጣል። ከዚያ በኋላ ለ13 ሰዓት ምንም የለም፤ ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ በነፃነት ያድራል። ጠዋት የረሳውን ማታ ሁለቱን ባንዴ በመዋጥ ማካካስም አይሆንም።

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በዶርም ቋንቋ ሲፕሮ፣ ለሚያጠና ሰው የተለየ ጣጣ አለው። ጉበት ውስጥ ካፌይንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ያግደዋል። ቡና፣ ሻይ ወይም ኢነርጂ ድሪንክ እየጠጣ የሚያመሽ ተማሪ ካፌይኑ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፤ በየቀኑ የሚጠጣው ያው መጠን ድንገት ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያስጨንቃል። ተማሪው የፈተና ጭንቀት ነው ብሎ ያልፈዋል። በወተት ወይም በእርጎ ብቻ ከተዋጠ ካልሲየሙ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም የሚያልፈው ይቀንሳል፤ ከጨጓራ ማስታገሻ፣ ከብረትና ከዚንክ ክኒን ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ጅማትም ያስቆጣል፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን የተረከዝ ጅማት እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 በጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል፤ በ2016 ደግሞ ሌላ አማራጭ ላለው ሰው ለሳይነስ፣ ለብሮንካይትስና ለቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይሰጥ አሳስቧል። ሲፕሮ እየወሰደ ሳለ ተረከዙ አካባቢ ሕመም የተሰማው ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ያማክር፤ «ሮጬ ነው» ብሎ አይለፈው።

ዶክሲሳይክሊን የሚጎዳው በአዋዋጥ ነው። ተማሪ ማታ መብራት ካጠፋ በኋላ ትዝ ይለዋል፤ አልጋው ላይ እንዳለ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጥና ይተኛል። ካፕሱሉ ጨጓራ ሳይደርስ የጉሮሮ ቧንቧ ላይ ይጣበቃል፣ እዚያው ይሟሟል፣ አሲዳም ስለሆነ ያቃጥላል። ጠዋት ምራቅ ሲውጥ እንኳ ከደረቱ መሀል እንደ ቢላ የሚወጋ ሕመም ይሰማዋል፤ ልቤ ነው ብሎ የሚሸበርም አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ መቆየት። ዶክሲ ፀሐይ ላይ ቆዳን በቀላሉ ያስቃጥላል፤ ያረገዘች ወይም አርግዛ ሊሆን የሚችል ሴት ደግሞ ሳትጠይቅ አትንካው።

ሜትሮኒዳዞል ሆድ ላመመው ሁሉ ይታደላል፤ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ መመሪያው ላይም መጠጥ እየወሰዱ ሳለና ከጨረሱ በኋላ እስከ 3 ቀን አይነካ ይላል። አዚትሮማይሲን ደግሞ የአሞክሳሲሊን ተቃራኒ ነው፤ በግማሽ ለመቀነስ 68 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሦስት ፍሬ ወስዶ የጨረሰ ሰው «ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ምን ይጎዳል» ይላል፤ ርዝራዡ ግን ለሳምንታት በትንሽ በትንሹ ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል። መድኃኒቱን ለመላመድ፣ ማለትም እንዳይገድለው አድርጎ ለመለወጥ ለሚሞክር ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ የልምምድ ሜዳ አይገኝም።

ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ? አታድርጉት። መጠኑ አይታወቅም፣ ከመግልና ከደም ጋር ተጋግሮ ከሥሩ ያለውን ይደብቃል፣ ቆዳንም ለአለርጂ ያነቃቃል። ቁስል በሚፈስ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። የጥርስ ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ የተቆጣውን ነርቭ የሚያክመው የጥርስ ሐኪሙ እጅ ነው፣ ካፕሱል አይደርስበትም።

የሚሸፋፈነው በሽታ

በራስ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ሙሉ በሙሉ ባይሠራ ይሻል ነበር። ጣጣው በግማሽ ሲሠራ ነው።

ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥላት ተማሪ ሁለት ሲፕሮ ብትውጥ ማቃጠሉ ሊበርድ ይችላል። በማግስቱ ሽንቷን ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) ብትሰጥ ግን የመድኃኒቱ ርዝራዥ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ እንዳያድግ ያደርገዋል፤ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የሽንት ናሙናው ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይሰጥ። ማቃጠሉ ደግሞ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ሊሆን ይችላል። ጨብጥ በብዙ የዓለም ክፍል ሲፕሮን ተላምዷል፤ ዛሬ በዋናነት የሚታከመው በሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። ምልክቱ በረድ ብሎ በሽታው ሲቀር ወደ ማሕፀንና ወደ ማሕፀን ቱቦ ይዘልቃል፤ ፍቅረኛዋም ሳይታከም ይቀራል። ትኩሳት፣ ከጎድን በታች የጀርባ ሕመምና ትውከት ከተጨመረበት ኩላሊት ደርሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሌላው ነው። ሲፕሮና ሌቮፍሎክሳሲን የቲቢን ባክቴሪያም ይነካሉ። ቲቢ ያለበት ሰው ሌቮ ሲወስድ ለተወሰነ ጊዜ ይሻለዋል፣ የአክታ ምርመራውም ሊያሳስት ይችላል፤ እሱ ደግሞ በየክፍሉና በየዶርሙ እያሳለ ይቆያል። ያ የመድኃኒት ቤተሰብ የሚያስፈልገው መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም ነው፤ በከንቱ ማባከኑ ለዚህ ነው የሚያናድደው።

ተቅማጥ አብዛኛው በቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ የሚገድለው ባክቴሪያው ሳይሆን የውሃ ማለቅ ነው። ኦአርኤስ ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ልክ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ልክ የተስተካከለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው መጨመር ይጎዳል፤ በእጅ አትገምቱ። ደም ካለው መመርመር አለበት፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ መርዝ የሚያመነጭ አንዳንድ ዓይነት ላይ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ኩላሊት የመጎዳት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ተቅማጥ ራሱም ከአንቲባዮቲክ ሊመጣ ይችላል፦ ደጋጎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያልቁ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ቦታውን ይይዛል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊሆን ይችላል።

አንጀት ውስጥ የሚቀረው

ለጉንፋን የተዋጠ አሞክሳሲሊን የጉንፋኑን ቫይረስ አይነካም፤ አንጀት ውስጥ ያሉትን፣ ምንም ያላደረጉትን ባክቴሪያዎች ግን ይፈጃል። የሚተርፉት የተላመዱት ናቸው። ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ የተረፈ ባክቴሪያ በ8 ሰዓት ውስጥ 24 ጊዜ ሲከፈል ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። የመላመጃውን ዘረ መል ደግሞ ፕላዝሚድ በሚባል የዲኤንኤ ቀለበት ለሌላ ዝርያም ያቀብላል። አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው የተላመደ ባክቴሪያ ይዞ ሊቆይ የሚችለው እስከ 12 ወር ነው፤ ከሁሉ የሚበረታው በመጀመሪያው ወር ነው። እንግዲህ «ባለፈው ረድቶኛል» ያላችሁት ክኒን ለሚቀጥለው እውነተኛ ኢንፌክሽን የመርዳት ዕድሉ የቀነሰው ባለፈው በመወሰዱ ነው። ሐኪም «ባለፉት ሦስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስደሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ስለሆነ አትዋሹ።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ ማንም ሰው መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝቶ ከመጠን በታች በመውሰድ ጀርሞቹን ሊያላምድ እንደሚችል አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም በቀጥታ በመድኃኒት መላመድ ምክንያት የሞቱት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሆኑ ተገምቷል።

«ጀምረህ ከሆነ ጨርሰው» የሚለው የዶርም ምክርም በጥንቃቄ ይታይ። ለታዘዘለት ሰው የታዘዘውን መጨረስ ትክክል ነው፤ ያለ ትእዛዝ ለጉንፋን ለጀመረ ሰው ግን የሚጨረስ ነገር የለም። እንደገና ከጓደኛ ለምኖ 10 ቀን መሙላት ስሕተቱን ማርዘም ነው።

ታዲያ እስከ ፈተናው ምን ይደረግ?

ለጉሮሮና ለትኩሳት ፓራሲታሞል፦ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ1 እስከ 2 ፍሬ፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጥንቃቄው እዚህ ጋ ነው፦ «የጉንፋን» ተብለው የሚሸጡት ቅይጦች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርቦ የወሰደ ሰው ሳያውቅ ጉበቱን ይጎዳል፤ የማሸጊያውን ጀርባ አንብቡ። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ጉሮሮን ያስታግሳል፤ ማር ሳልን ያለዝባል። የቀረው ውሃና እንቅልፍ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያጠና ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሐኪም ጋ ለመሄድ ቀን የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ አፍ አልከፈት ካለ ወይም ጉሮሮ በአንድ በኩል ብቻ ካበጠ፤ ትንፋሽ ካጠረ፤ ትኩሳቱ ሦስት ቀን አልፎ ካልወረደ። ከሁሉ በላይ ትኩሳት ከኃይለኛ ራስ ምታትና ከማጅራት መገተር ጋር፣ ወይም ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ወይን ጠጅ ሽፍታ ጋር ከመጣ። የማጅራት ገትር ተማሪዎች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ቦታ ይነሣል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። እንዲህ ያለ ጓደኛችሁን ክኒን ሰጥታችሁ አታስተኙት፤ ተሸክማችሁ ውሰዱት።

ቀድማችሁ የጀመራችሁ እንደሆነ ስትሪፑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን፣ ሚሊግራሙን፣ ስንት ፍሬ በየትኛው ሰዓት እንደወሰዳችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ፤ የደም ወይም የሽንት ካልቸር ውጤት የሚነበበው በዚያ መረጃ ነው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ካለች፣ ከቲቢ መድኃኒቱ ከሪፋምፒሲንና ከዘመዶቹ በቀር የተለመዱት አንቲባዮቲኮች መከላከያውን አያከሽፉትም፤ ትውከትና ብርቱ ተቅማጥ ግን ያከሽፉታል።

መሳቢያ ውስጥ የቀረውን ደግሞ የሚቀበል ፋርማሲ ካለ መልሱ። ከሌለ ከስትሪፑ እያወጣችሁ ከአፈር ወይም ከቡና አተላ ጋር ቀላቅሉት፣ በላስቲክ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ሽንት ቤት አይገባም፤ የላይኛው አልጋ ልጅ ቢለምናችሁም አይሰጥም።